ማታ የሚያንስ ንባብ፦ በአንዲት የተሻሻለች ቮልስዋገን ላይ የታየ የዳሳሽ ስሕተት

መኪናዋ በ1972 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቮልስዋገን ናት። ጧት ከሽሮ ሜዳ ወደ አቃቂ ስትወርድ፣ አንዴ ከተነሳች እንከን አይገኝባትም፤ ማታ ስትመለስ ግን ትደናቀፋለች፣ ከጭስ ማውጫዋም እንደ ርችት ይተኮሳል። ባለቤቷ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። ካርቡራተሯን አውልቆ፣ ገዢው ራሱ በሚበይደው ሜጋስኩዊርት በተባለ ኮምፒውተር የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ገጥሞላታል። የመመረቂያ ጥናቱ መረጃ የሚሰበሰበውም ከእርሷ ነው፤ ስለዚህ መደናቀፉ የጉዞ ችግር ብቻ አልነበረም።

በዚህች መኪና ኮምፒውተሩ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በቀጥታ አይለካም። የአየር መግቢያው ቢራቢሮ ምን ያህል እንደ ተከፈተና ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር አይቶ የነዳጁን መጠን ከሠንጠረዥ ያነባል። የቢራቢሮው ዳሳሽ ሦስት ሽቦዎች አሉት፤ አንዱ ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት ያመጣል፣ ሁለተኛው መካኒኮች ማሳ የሚሉት መመለሻ ነው፣ ሦስተኛው ንባቡን ይወስዳል። ቢራቢሮው ሲዘጋ 0.5፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 4.5 ቮልት ያህል ይጠበቃል። ይህ ንባብ ካነሰ ነዳጁም ያንሳል፤ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ የነዳጅ ማነስ ማለት ከልክ ያለፈ ሙቀት ነው።

ተማሪው መጀመሪያ የጠረጠረው ከፍታውን ነበር። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ የማታው መንገድ ደግሞ ሽቅብ ነው። ጥርጣሬው ምክንያት አላጣም፤ በጥናቱ ረቂቅም ውስጥ የጧትና የማታ ልዩነቱን በዚሁ አስረድቶታል። ከዚያ ወደ ዳሳሹ ዞረ። ከሶማሌ ተራ አንድ ገዛ፣ ቀጥሎም ሌላ፤ ንባቡ ግን እንደ ነበረ ቀጠለ። መለዋወጫ መቀየር በብዙ ጋራዥ የምርመራ መጀመሪያ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ውድ ከመሆኑም በላይ የሚያስተምረው ጥቂት ነው።

ፍንጩ የመጣው መኪናዋ በቆመችበት ግቢ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት ንባቡ 0.50 ቮልት ነበር። ሞተሩ ሲነሳ 0.43 ሆነ። የፊት መብራት ሲበራ፣ ፔዳሉን ማንም ሳይነካው፣ ወደ 0.25 ወረደ። ዳገትም ከፍታም በሌለበት ስሕተቱ ስለ ተገኘ፣ ማታን ከጧት የለየው መብራቱ ነበር ማለት ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ደግሞ ንባቡ ተገልብጦ ከ3 ቮልት በላይ ወጣ።

በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ዕድሜያቸውን የፈጁት ባለሙያ ይህን ሰምተው ከኋላ ጎንበስ አሉና የቤንዚን ገመዱን ያዙ።

«አስነሣ እስቲ።»

ሞተሪኖው እያቃሰተ ዞረ።

«ሞተሪኖ ሲዞር የቤንዚን ገመድ ምን አግብቶት ይሞቃል?»

«ጋሼ፣ ዳሳሹ እኮ አዲስ ነው።»

«ዳሳሹን ተወው ልጄ። ከካምቢዮው ሥር ግባ።»

የቮልስዋገን ሞተርና ካምቢዮ የተሰቀሉት በጎማ ላይ ስለሆነ ከቦዲው ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኛቸው ከካምቢዮው ፊት የታሰረ አንድ የተጎነጎነ ገመድ ነው። ያ ገመድ ዝጎ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። ከረንቱ ሌላ መንገድ ሲያጣ በቤንዚንና በፍሪሲዮን ገመዶች በኩል ያልፍ ነበር። ሞተሪኖው ሲዞር በሞተሩና በቦዲው መካከል 3 ቮልት ተለካ፤ በጤነኛ መኪና ከግማሽ ቮልት ባልበለጠ ነበር። የዳሳሹ ማሳ የታሰረው በሞተሩ ብረት ላይ፣ የኮምፒውተሩ ግን በቦዲው ላይ ነው። ሁለቱ «ዜሮ» የሚሉት ነጥብ አንድ አልነበረም።

የንባቡ መገልበጥም ከዚህ ይመነጫል። ሞተሪኖው ሲዞር ከረንቱ ከሞተሩ ወደ ቦዲው፣ ከዚያም ወደ ባትሪው ይመለሳል፤ የሞተሩ ብረት ከቦዲው ከፍ ስለሚል ንባቡ ይጨምራል። ኮምፒውተሩ ፔዳሉ ከ60 በመቶ በላይ ከተረገጠ ሞተሩ በነዳጅ እንደ ታፈነ ቆጥሮ ነዳጅ እንዲያቆም ስለ ታዘዘ፣ አንዳንድ ጧት አልነሳም ያለችው በዚህ ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን የከረንቱ ምንጭ በሞተሩ ላይ የታሰረው ዲናሞ ነው፤ የመብራቱ ከረንት ከቦዲው ወደ ሞተሩ ስለሚመለስ ንባቡ ይቀንሳል።

አዲስ ገመድ ታሰረ፤ የዳሳሹም ማሳ ከሞተሩ ተነቅሎ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ተወሰደ። ንባቡ መብራት ቢበራም ቢጠፋም 0.50 ላይ ቆመ።

የከበደው የተመዘገበው መረጃ ጉዳይ ነበር። የጧቱ ሊድን ቻለ፤ ሠንጠረዡ የተስተካከለው ቀን፣ ሞተሩ እየሠራ ስለ ነበር 0.43ን መነሻው አድርጎ ነበርና። የማታውን 0.18 ቮልት ደምሮ ማረም ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስሕተቱ ቢራቢሮው ሲዘጋ 0.18፣ ሙሉ ሲከፈት 0.02 ብቻ ነው፤ በመካከሉም እንደ ከረንቱ መጠን ይለዋወጣል፤ ከረንቱን ደግሞ የመዘገበ የለም። ተማሪው ሙሉ በሙሉ በተከፈተ ቢራቢሮ የተመዘገቡትን የማታ ንባቦች ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ሰረዘ። ስለ ከፍታ የጻፈውንም ክፍል ከረቂቁ አውጥቶ የማታውን ጉዞ እንደ አዲስ መመዝገብ ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ ሽቅቡን በቀንም፣ ቁልቁለቱን በማታም እየነዳ።