«አፍሪካ ሄጄ ትምህርት ቤት ልርዳ» ስትለኝ

ልጆቻችሁ ከጻቫ ሲወጡ ወዴት እንሄዳለን ይሏችኋል? ታይላንድ? ደቡብ አሜሪካ? የኔዋ ልጅ «ኡጋንዳ ሄጄ ትምህርት ቤት ልርዳ» አለችኝ። «የማን ትምህርት ቤት ነው?» አልኋት። «የቤተ ክርስቲያን። ለሁለት ሳምንትም ከእንግሊዝ አገር ክርስቲያን በጎ ፈቃደኞች ይመጣሉ» ስትለኝ የያዝሁት ስኒ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ለምን እንደደነገጥሁ ታውቃላችሁ። በጎንደር ገጠር ያደግን ሰዎች «ሚስዮን» የሚለውን ቃል ስንሰማ ሆዳችን ይባባል። በፈረንጆች 1860 ሄንሪ አሮን ስተርን የሚባለው፣ ራሱ ከአይሁድ ተወልዶ ክርስትና የገባ ሰባኪ ወደ ወገኖቻችን መጣ። ከዚያ ወዲህ ሚስዮኑ መጽሐፍም ትምህርትም ይዞ በየመንደሩ ዞሯል። አባቴ ሲያጫውተኝ «ፊደሉ መልካም ነበር፤ ዋጋው ግን ሃይማኖት ነበር» ይል ነበር። እኔም ፊደል ሳልቆጥር አደግሁ።

ስለዚህ ልጄ ሄዳ ወር ሲሞላት፣ እንግሊዞቹ በሚመጡበት ሰሞን «ዓይኔ ሳያይ አላምንም» ብዬ ተከተልኋት።

የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት ካልያዛችሁ ኡጋንዳ አትገቡም፤ ይህን አትርሱ። የምታርፉት ኢንቴቤ ነው፤ በ1976 ታጋቾቻችን የተፈቱበት። ከካምፓላ ወደ ምሥራቅ ስትነዱ ጂንጃ ላይ ነጩ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ ታያላችሁ። ያ ውኃ ከጣና ከሚወጣው ከኛ ዓባይ ጋር ካርቱም ላይ ይገናኛል። በሱዳን በኩል የመጣችሁ ይህን ስታዩ ዝም ብላችሁ ማለፍ አትችሉም። ከዚያ ምባሌ ከተማ ትደርሳላችሁ፤ ከበላይዋ 4,321 ሜትር ከፍታ ያለው የኤልጎን ተራራ ቆሟል። ትምህርት ቤቱ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ከሙዝና ከቡና ተክል መካከል ነው።

ልጆቹ ፈረንጆቹን «ሙዙንጉ! ሙዙንጉ!» እያሉ ይከተሏቸዋል። ልጄንም «ሙዙንጉ» አሏት። «እማ፣ እስራኤል ውስጥ ጥቁር፣ እዚህ ፈረንጅ ሆንሁ» ብላ ሳቀች።

ቀኑ በዶሮ ጩኸት ይጀምራል። በሉጋንዳ ቋንቋም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛ ከንጋት ነው፤ ስለዚህ በኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንግሊዞቹ ተሰብስበው ይጸልያሉ፤ ከዚያ ሻይ፣ ዳቦና ሙዝ። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ተማሪዎቹ ግቢውን ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ሰልፍ፣ መዝሙርና ጸሎት። አራት ሰዓት ተኩል ላይ የበቆሎ አጥሚት ይጠጣሉ። ምሳ ፖሾ ነው፤ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ጠንካራ ገንፎ በሉት፣ ከባቄላ መሰል አደንጓሬ ጋር። እኔ የራሴን ድስት ይዤ ስለሄድሁ እንቁላልና ድንች እየቀቀልሁ ከረምሁ። ማታ በባልዲ ውኃ ገላ መታጠብ፣ አጎበር መዘርጋት፣ የወባ ኪኒን መዋጥ። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት ገደማ ይጨልማል። መብራት ከጠፋ ሥራው መተኛት ብቻ ነው።

እንደ ብዙዎቹ የኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች፣ ይህንንም ያቋቋመችው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ለአስተማሪዎቹ የሚከፍለው ግን መንግሥት ነው። በ1997 መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ ይሁን ካለ ወዲህ የአገሪቱ ክፍሎች ሞልተዋል። ሦስተኛ ክፍል ሰማንያ አራት ልጆች ቆጥሬአለሁ። እስከ ሦስተኛ በአካባቢው ቋንቋ ይማራሉ፤ ከአራተኛ ጀምሮ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። እዚያ ላይ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል።

በመጀመሪያው ሳምንት ያየሁት ደስ አላሰኘኝም። እንግሊዞቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ግድግዳ ይቀባሉ። ነገር ግን የሃያ ዓመት ልጅ ክፍል ገብቶ ሲያዘፍን አስተማሪዋ ጥግ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ፎቶማ አያልቅም። አንዲት እግሯ ባዶ የሆነ ሕፃን አቅፈው ሲነሱ፣ በ1991 ግንባራችን ላይ ቁጥር ተለጥፎብን ከአውሮፕላን ስንወርድ ፊታችን የተደቀነው ካሜራ ትዝ አለኝ። ያኔ ማንም «ይፈቀድልኝ?» አላለንም።

በሰልፉም ላይ አንድ ነገር አየሁ። የቡድኑ መሪ «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ አብረን እንጸልይ» ስትል አንድ የሙስሊም ልጅ ዓይኑን ገልጦ መሬት መሬት ያያል። ልጁ አባቴን መሰለኝ።

ዓርብ ማታ ሻማ ሳበራ መሪዋ ሴትዮ መጥታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በልጄ አስተርጓሚነት ስለ ሰንበት ነገርኋት፤ ከዚያም ስለ አባቴና ስለ ፊደሉ ዋጋ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። «እኛን ማንም እንዲህ ብሎን አያውቅም» አለችኝ። ሰኞ የእንግዶቹ ጸሎት ከሰልፉ ወጥቶ ከትምህርት በኋላ፣ ለፈለገ ብቻ ሆነ።

ልጄ ደግሞ አስተማሪዋን «ምን ብናግዝሽ ይሻላል?» ብላ ጠየቀቻት። መልሷ አጭር ነበር፦ «ሰማንያ አራት ልጅ አለኝ። እያንዳንዱ ሲያነብ የምሰማበት ጊዜ የለኝም።» ይኸው ነው! በሁለተኛው ሳምንት እንግሊዞቹ ቀለሙን ትተው ማንጎው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ልጆቹ ተራ በተራ እየመጡ አሥር አሥር ደቂቃ በእንግሊዝኛ አነበቡላቸው። አስተማሪዋ ማን የት ላይ እንደሚደናቀፍ በደብተር ጻፈች። እንግዶቹ ሲሄዱ ደብተሩ እሷ ጋ ቀረ።

ሰው ሲያንስ እኔንም አስቀመጡኝ። አንዲት ልጅ መጽሐፏን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና አነበበች። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ እሷ ግን አላወቀችብኝም። በጣቷ እየተከተለች ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁላት። እኔም በመርካዝ ክሊታ አንዲት ወታደር አስተማሪ ፊት አሌፍ፣ ቤት እያልሁ ስቆጥር እንደዚሁ ቀና ብዬ አያት ነበር። ያቺ ልጅ ፎቶ አላነሳችኝም፤ ሃይማኖቴንም አልጠየቀችኝም። በየቀኑ ትመጣ ነበር።

እንግዲህ ልጃችሁ «ልሂድ» ካላችሁ አትከልክሉ። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁት፦ ሥራውን የመረጠው ማን ነው፣ አንተ ወይስ አስተማሪዎቹ? የምትሰጠው ነገር ዋጋ አለው ወይስ ነፃ ነው? ስትመለስ እዚያ የሚቀረው ምንድን ነው? መልስ ካለው ይሂድ፤ መልስ ከሌለው ደግሞ ሄዶ መጀመሪያ ይጠይቅ።

በሰላም ሄደው በሰላም ይመለሱልን።