የገብስ ዘብ

ከሙከ ጡሪ በለሚ አድርጎ ወደ መርሐቤቴ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። ሜዳው ሲንጣለል፣ ሲንጣለል ቆይቶ ድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ከሥር፣ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል፣ የጀማ ወንዝ ወደ ዓባይ ይጓዛል። ባለፈው ኅዳር እዚያ የክፍል ጓደኛዬ ወላጆች ዘንድ ዐሥር ቀን ሰነበትኩ። ማሳቸው ሁለት ቦታ ነው፤ ማሽላው ታች ቆላው ላይ፣ ገብሱ ላይ አፋፉ ጥግ።

ስለ ቆላው ብዙ አልላችሁም፤ ሙቀቱ አያስወራም። አንዲት ነገር ብቻ። ማለዳ ማሽላው ውስጥ እግሯም ምንቃሯም ቀይ የሆነ ቆቅ ትጮኻለች። ይህች ወፍ የምትገኘው በአገራችን ብቻ ነው፤ ያውም በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች አካባቢ። ይህንን ለጓደኛዬ እናት በደስታ ብነግራቸው፣ «ቆቅ አይደለች እንዴ? ወጥ ይወጣታል» ብለው አሳቁኝ።

የእኔ ነገር ግን ከላይ ነበር። ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ገደሉ ላይ ተጣብቀው ያድሩና ፀሐይ ሲሞቅ ወደ አፋፉ ይወጣሉ። ቂጣቸውን መሬት ላይ አሳርፈው፣ በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ፣ እየተንፏቀቁ ይግጣሉ። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን እንዲህ ሣር በል ሆኖ የቀረው ይህ ብቻ ነው። ወንዱ እንደ ካባ የወረደ ጎፈሩን ነፋስ ሲያነሳው፣ ደረቱ ላይ ቀዩ ምልክት ሲበራ፣ ምን ልበላችሁ፣ ንጉሥ ነው። ከበላያቸው አጥንት ከሰማይ ለቆ ዓለት ላይ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ ይዞራል።

ታዲያ ሣሩ የት አለ? ማረሻው ገደሉ ጫፍ ደርሷል። ለጭላዳ የቀረችው በገብሱና በገደሉ መካከል ያለችው ቀጭን ጥግ ናት። ገብሱ ሲያሽት ደግሞ ከሣር ገብስ ይሻለዋል፤ ማን ይፈርድበታል?

የሚፈርድበት የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም ነው። ዕድሜው ዐሥራ አንድ፣ ሦስተኛ ክፍል። ወንጭፉን ይዞ ከንጋት እስከ ማታ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።

«ትምህርትህስ?» አልኩት።

«ገብሱ ሲገባ እሄዳለሁ።» ቀጥሎ እሱ ጠየቀኝ፤ «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ጭላዳ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ እዚያ ልጆቹ ምን ይጠብቃሉ?»

እኔ ከከተማ ድረስ መጥቼ በመነጽር የማየው አውሬ የዚህን ልጅ ትምህርት እየበላ ነው። ጎብኚም ይመጣል፣ ፎቶውን አንስቶ ይሄዳል፤ ልጁ ድንጋዩ ላይ ነው። «የአገር ቅርስ ነው» ልለው አሰብኩና አፌን ያዝኩ። አባቱ እንኳ ክፉ አልተናገሩም። «ማየቱስ ደስ ይላል፤ ከገብሴ ውጪ ይሁንልኝ እንጂ» ነው ያሉኝ።

በስምንተኛው ቀን መንጋው ወጣ። ልጁ ወንጭፉን አዙሮ ለቀቀ፤ ድንጋዩ ከፊታቸው አረፈ፤ ሁሉም ወደ ኋላ ሸሹ። ያለ ልክ ጎበዝ ተኳሽ ነው፤ መምታት ቢፈልግ ይመታ ነበር። ከዚያ ቆሞ በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ ደግሞ ከመጀመሪያው ቆጠረ።

«ምን ሆንክ?»

«ከንፈረ ስንጥቁ የለም» አለኝ። «ትናንትም አልመጣም።»

ወንጭፉን ትከሻው ላይ ጣለና ገደሉ ጫፍ ላይ በደረቱ ተኝቶ ቁልቁል ይፈልገው ጀመር። እኔም መነጽሩን ሰጠሁት።