ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ብራቾ



ሰሞኑን ሦስት አራት ወላጆች "ልጄ ቤት ውስጥ ስለ ባሌስትራ ያወራል፤ የምታስተምሩት ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። መልሱ ረዘም ስለሚል እዚህ ልጻፈው።

ክላርክስተን ውስጥ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ባጊ እየሠራን ነው። ባጊ ማለት ቦዲ የሌለው፣ ከብረት ቱቦ የተበየደ፣ ቋጥኝ ላይ ቀስ እያለ የሚወጣ መኪና ነው። ከአትላንታ ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ቢነዳ፣ አላባማ ጃክሰንቪል ውስጥ ቾኮሎኮ ማውንቴን የሚባል ለዚህ የተከለለ ፓርክ አለ፤ ሐሳባችን እዚያ መውጣት ነው። አራት ትልልቅ ተማሪዎቻችን በወላጆቻቸው ፈቃድ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ይመጣሉ። ብየዳውና ቆረጣው የእኛ ነው፤ እነሱ ይለካሉ፣ ይስላሉ፣ ይይዛሉ።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው አክስሉን ከሻንሲው ጋር ማያያዝ ነው። አገር ቤት የምናውቀው የጭነት ላንድክሩዘር ከኋላው ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ሁለት ሥራ አለው፦ ክብደት ይሸከማል፣ አክስሉንም ቦታው ላይ ይይዛል። ቋጥኝ ላይ ግን አንዱ ጎማ ወደ ላይ ሲነሳ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ መግባት አለበት፤ ባሌስትራ ያን ያህል አይለቅም። ስለዚህ ሥራውን እንከፍለዋለን። ክብደቱን ሞላ ይሸከማል፣ ንዝረቱን አሞርቲዛተር ያበርዳል፣ አክስሉን ደግሞ አራት ብራቾ ይይዘዋል፤ ሁለት ከታች፣ ሁለት ከላይ።

የታችኞቹ ድንጋይ ስለሚመታቸው ወፍራም ናቸው። የላይኞቹ አጠር ይላሉ፤ የታችኞቹን ሦስት አራተኛ ያህል። ሻንሲው ላይ ተራርቀው ይጀምሩና አክስሉ አናት ላይ ይቀራረባሉ። አክስሉ ወደ ግራና ቀኝ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ይኸው ማዕዘን ነው። አክስሉ ላይ በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ክፍተት የጎማው ቁመት ሩብ ቢሆን ይመረጣል። የኛ ጎማ 37 ኢንች ስለሆነ ክፍተቱ 9 ኢንች ገደማ ነው። ካነሰ የላይኛው ብራቾ ላይ ያለው ጫና ይበዛል።

ልጆቹን የያዛቸው ግን ክሩ ነው። ከጎን ሆነን በላይኛውና በታችኛው ብራቾ ልክ ሁለት ክር ወደ ፊት እንወጥራለን። ክሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ መኪናው ዳገት ላይ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። ነጥቡ ቅርብና ከፍ ያለ ከሆነ ነዳጅ ሲሰጠው የኋላው ይነሳና ጎማው መዝለል ይጀምራል። በጣም ዝቅ ካለ የኋላው ቁጭ ይላል፣ ፊቱ ይነሳል፤ ዳገቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ወደ ኋላ እስከ መገልበጥ ይደርሳል። ለዚህ ነው ሻንሲው ላይ ለላይኛው ብራቾ ሦስት ቀዳዳ ያበጀነው። አንድ ቀዳዳ ከፍ ሲል ክሮቹ የሚገናኙበት ወደ ፊት ይርቃል።

እዚህ ላይ አማርኛው ይመጣል። የጓደኛዬ አባት አዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት መካኒክ ነበሩ፤ እንግሊዝኛ ብዙም አይናገሩም። የዕቃዎቹን ስም የሚያውቁት ጋራዥ ውስጥ በተማሩት አጠራር ነው። ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ብራቾ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፦ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ብራቾ ክንድ ማለት ነው፤ ባሌስትራ ደግሞ የቀስት ዓይነት መሣሪያ ስም ነው።

ከልጆቹ አንዱ 14 ዓመቱ ነው። "በሚቀጥለው ተርም አልመጣም ብሎኛል" ብለው እናቱ ነግረውኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ብጠይቀው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስልኝ። ባለፈው ወር አንድ ብራቾ በአንድ ወገን እሱ፣ በሌላው ወገን ጋሼ ይዘው ሳለ ብረቱ ሊያመልጥ ሲል "ያዝ! ያዝ! ከፍ አድርግ!" ብሎ ጮኸባቸው። ጋሼ ያዙ። ብሎኑ ከገባ በኋላ ስቀው "ለኔ 'ይያዙ' ነው የሚባለው፤ ግን ብረቱ እግሬ ላይ ከሚወድቅ ስድብም ቢሆን እችላለሁ" አሉት። አንቱታን ስናስተምር ሁለት ዓመታችን ነው። እሱ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ "ጋሼ፣ ይቺን ይያዙልኝ፤ አንድ ቀዳዳ ብናወርደውስ?" ሲል ሰማሁት። ጥያቄውም ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ክሩን እንደገና ወጠርነው።

ለሚቀጥለው ተርም ይመዘገብ አይመዘገብ ገና አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ከእናንተ የምንፈልገው ጋራዥ አይደለም። ቤት ውስጥ አንድ ሥራ ምረጡ፤ ሊጥ ማቡካት፣ ቡና መቁላት፣ ሳር ማጨድ፣ ቧንቧ መጠገን ሊሆን ይችላል። ያ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ብቻ ይሠራ። ልጁ "አቀብለኝ"፣ "ላላ አድርገው"፣ "ወደ ግራ" የሚለው የሚያስፈልገው ስለሆነ ይሁን፤ ስህተቱን እጁ ሥራ ሲፈታ አርሙት። ስሙን የማታውቁት ዕቃ ካለ አያት ጋር ደውሉና ልጁ ራሱ ይጠይቅ።

ሙያ ያላችሁ ወላጆችም፣ ስፌትም ይሁን አናጢነት፣ አንድ ቅዳሜ ከነዕቃችሁ ወደ ክፍላችን ብቅ በሉ። እኛ እንዳንመቻች ቀደም ብላችሁ ብቻ አሳውቁን አንልም፤ ጠረጴዛ ሁልጊዜ አለ።