ከካባው የወጣ ዛጎል

ከሪያድ ከተማ በስተምዕራብ ከሰሜን ወደ ደቡብ 800 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው የጡወይቅ ተራራ የኖራ ድንጋይ ነው። በዚያ አካባቢ በአንድ የድንጋይ ካባ የሚሠራ የአገራችንን ልጅ ልጠይቅ በሄድሁ ጊዜ፣ ድንጋዩ ከምን እንደተሠራ በዓይኔ አየሁ።

ኤስካቫተሩ ገደሉን በፈለጠ ቁጥር፣ ከተሰነጠቀው ድንጋይ ውስጥ ዛጎልና እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ኮራል ይታያል። ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ ምድረ በዳ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ነበር። በውስጡ የኖሩት ፍጥረታት ሲሞቱ ዛጎላቸው ከወለሉ ላይ ተከማችቶ፣ ከላይ በተጫነው ደለል ክብደት ድንጋይ ሆነ። ባሕሩ በረዥም ዘመን የደረደረውን ክሬሸሩ በደቂቃ ጠጠር ያደርገዋል። ወንድማችን ግን ሳይሰበር የወጣ ዛጎል ሲያገኝ፣ ወደ ክሬሸሩ ሳይገባ አንሥቶ ከጥላው ሥር ባለ ሳንቃ ላይ ያኖረዋል። ማንም አላዘዘውም።

እርሱ የደጀን ሰው ነው። «እንዲህ ያለውን ድንጋይ በልጅነቴ ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ አውቀዋለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዓባይ ሸለቆ የሚታየው የኖራ ድንጋይም በዚያው በጁራሲክ ዘመን ከባሕር ሥር የተነጠፈ ነው። ያን ጊዜ ዐረቢያና አፍሪካ አንድ ምድር ነበሩ። ቀይ ባሕር መከፈት የጀመረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ብዙዎቻችን በመከራ የተሻገርነው ባሕር በዕድሜ ከዚህ ዛጎል እጅግ ያንሳል።

ይህን ስነግረው በጥሞና ሰማኝ፤ ከዚያም «ልጄን ካየኋት ስድስት ዓመት ሆነኝ» አለ። የምድር ሚሊዮን ዓመታት የአንድ አባትን ስድስት ዓመት አያሳጥሩም። የሰው ናፍቆት በድንጋይ ዕድሜ አይመዘንም።

ወዲያው ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ፤ በአንዲት ልጅ መዳፍ ላይ ያረፈ ትንሽ ዛጎል ነው። እርሱ ከካባው ያገኘውን ፎቶ አንሥቶ ይልክላታል፤ እርስዋም ከመንደራቸው ገደል የለቀመችውን ትልክለታለች። ከቤተሰቦቻችን ጋር ስንደዋወል ብዙ ጊዜ ወሬያችን የገንዘብ ብቻ ይሆናል። እነዚህ አባትና ልጅ ግን ሌላም የሚነጋገሩበት አላቸው።