አማርኛ የሌለበት ሱቅ

በእኛ አገር ደራሲ ከጻፈ በኋላ ነጋዴም መሆን አለበት። የአቸፈሩ ተወላጅ አቤ ጉበኛ በብዕሩ ብቻ ለመኖር ቆርጦ ከተነሡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው «አልወለድም» ቢታገድበትም መጻፉን አልተወም። ከእሱ ወዲህ የመጣው ደራሲም ቢሆን ለማተሚያ ቤት ቀብድ የሚበደር፣ መጽሐፉን በዘንቢል ተሸክሞ የሚዞር ነው።

ታዲያ ከባሕር ማዶ «አሳታሚም ማተሚያ ቤትም አያስፈልግህም» የሚል ወሬ ሲመጣ ልቡ ቢሸፍት ይፈረድበታል? አማዞን የተባለው የአሜሪካ መደብር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ኪንድል የተሰኘውን ማንበቢያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ማንም ሰው ድርሰቱን ራሱ አሳትሞ የሚሸጥበትን በርም አብሮ ከፈተ። ዋጋውን ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ለሚወስን ጸሐፊ በትልልቆቹ ገበያዎች ከሽያጩ እስከ 70 በመቶ፣ ከዚያ ውጭ 35 በመቶ ይታሰብለታል።

ልባቸው ከሸፈተው አንዱ በቡሬ ገጠር ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ልቦለዳቸውን በአራት ደብተር ጽፈውታል። ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥተው ቡና ስንጠጣ፣ «አንተ ልጅ፣ ጋዜጠኝነት ተምረህ የለም? በል ይኸን በኢንተርኔት ሽጥልኝ» አሉኝ።

ደንቡን ቁጭ ብዬ አነበብሁት። መደብሩ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ የሚቀበልባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አለው። ተናጋሪዎቹ በጥቂት ሺህ የሚቆጠሩት የማን ደሴት ቋንቋ፣ ማንክስ፣ አለ። አማርኛን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁት፤ የለም። የፊደል ችግር ነው እንዳንል የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

«ማንክስን ስንት ሰው ይናገረዋል?» አሉኝ መምህሩ።

«ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ፣ ጋሼ።»

ሲኒያቸውን አስቀምጠው ብዙ ዝም አሉ።

በእንግሊዝኛ ይጻፉ የሚል አይጠፋም። የእሳቸው ልቦለድ ግን የጎጃም ሰው ሰው ሲያማ የሚናገረው አማርኛ ነው። እሱ ከወጣለት ምን ሊቀር?

ደግሞስ የቡሬ አንባቢ ኪንድል ከየት ያመጣል? በእጁ ያለው ስልክ ነው። በየከተማው ዘፈንና ፊልም በሜሞሪ የሚጭኑ ልጆች አሉ፤ እኔ እንደማየው እውነተኛው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መደብራችን የእነሱ ጠረጴዛ ነው። ስመ ጥር ልቦለዶች በፒዲኤፍ ተጭነው ይሄዳሉ፤ ለደራሲው ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ይከለክላል፤ ከጠረጴዛው ግን አልደረሰም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እንኳ ሜሞሪው ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን አላቋረጠም። ሌባው ከነጋዴው ይልቅ ለአንባቢ ቅርብ ሆኖ መገኘቱ ያናድደኛል፤ ብልሃቱ ግን ያስቀናኛል።

መምህሩ ከእኔ ቀድመው ይህን ገብቷቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች አስተየቡና ራሳቸው ለጫኝዎቹ ልጆች በነፃ ሰጡ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የቴሌብር ቁጥራቸውን አስፍረው፣ ቀሪውን የፈለገ 30 ብር ይላክ፤ ለከፈለ ልጁ ይጭንለታል አሉ። የከፈለው ለጓደኛው አይገለብጥም ወይ? ይገለብጣል። ልጁም ከእያንዳንዱ 5 ብር ይወስዳል፤ 30 በመቶ ከሚያስቀረው መደብር ይሻላል ብለው ይስቃሉ።

እስካለፈው ወር 41 ሰው ልኳል። አንዲት ሴት 100 ብር ልከው ደወሉና፣ «አደራ፣ ልጅቱን እንዳይገድሏት» አሏቸው። በሦስተኛው ደብተር ሞታለች። ሰሞኑን ስጠይቃቸው አራተኛውን ደብተር ወደ ጎን አድርገው፣ ሦስተኛውን እንደገና እየጻፉ ነበር።