የጾም ድስት

አምሮት፣ ማለትም ሆድ ሳይራብ ልብ አንድን ነገር አሁኑኑ ካላገኘሁ እያለች የምትወተውተው ውትወታ፣ ብዙ ጊዜ የጽናት ማነስ ተደርጎ ይቆጠራል፤ የተሸነፈለትም ሰው ደካማ ይባላል። ይህ ፍርድ ብዙ ሰው በከንቱ ራሱን እንዲንቅ ያደረገ ፍርድ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዋልተር ሚሼልና ኤቤ ኤብሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት የሚውሉ ልጆች ከታገሡ ከሁለት ምግቦች አብልጠው የሚወዱትን እንደሚያገኙ ተነግሯቸው ብቻቸውን ተቀመጡ። ሁለቱም ምግቦች ፊታቸው የተቀመጡላቸው በአማካይ 1 ደቂቃ ያህል ሲታገሡ፣ ሁለቱም ከዓይናቸው የተሰወሩላቸው ግን ከ11 ደቂቃ በላይ ቆዩ። ልዩነቱን ያመጣው የልጆቹ ጠባይ ሳይሆን ምግቡ መታየቱና አለመታየቱ ነበር።

ይህን የኢትዮጵያ ጓዳ ከጥናቱ አስቀድሞ ያውቀዋል። 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላ ሰሞን፣ የቅቤው ዕቃ ተከድኖ ከእጅ ይርቃል፤ የፍስኩ ድስት፣ ማለትም ሥጋና ቅቤ የሚሠራበት፣ ጠረኑ እስኪለቅ በሙቅ ውኃ ተፈትጎ ይገለበጣል፤ በምትኩም ሽሮና ምስር በዘይት የሚሠራበት የጾም ድስት ይወጣል። ልኳንዳ ቤቱም ይዘጋል፤ ጎረቤትም ይጾማል። በዚህ መካከል የሚኖር ሰው ከጥብስ ሽታ ጋር በየቀኑ ግብግብ መግጠም አይጠበቅበትም፤ ቤቱና ሰፈሩ ሸክሙን ይጋሩታል። ጾም በመሠረቱ የንስሐና የጸሎት ጊዜ ነውና ክብደት መቀነሻ ዘዴ አድርጎ ማየት ግን ክብሩን መንካት ነው፤ ከእርሱ መማር የሚቻለው ቤትን የማሰናዳት ጥበቡን ነው።

ጥበቡ ዛሬ ይበልጥ የሚያስፈልገው፣ ስልክ ጾምም ፍስክም የማያውቅ በመሆኑ ነው። አንዱ ቪዲዮ እንዳለቀ ሌላው ራሱ ይከፈታል፤ ልብ “ይብቃኝ” የምትልበት ክፍተት አታገኝም። ለስላሳ በሳጥን ገዝቶ ቤት ማስቀመጥን ትቶ ጠረጴዛው ላይ ቆሎ ማኖር፣ ስልክንም ከራስጌ አንሥቶ ሳሎን ቻርጅ ማድረግ ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሌሊት ስልኩ ያማረው ሰው ብርድ ልብሱን ገልጦ፣ በባዶ እግሩ ቀዝቃዛውን ወለል ረግጦ፣ በጨለማ እስከ ሳሎኑ መሄድ ይኖርበታል፤ ብዙ ጊዜም ገና በሩ ጋ ሳይደርስ እንቅልፉ ይመልሰዋል።