ጳጉሜን ከአባቴ ጋር በብስክሌት

አባቴ ፓሪስ በመጡ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ቡና እያፈላሁ ሳለ በመስኮት ወደ ታች እያዩ «እዚህ አገር ሰው ሁሉ ሳይክል ይነዳል እንዴ?» አሉኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመስለኛል። እስከዚያ ቀን ሲጠየቁ ይመልሳሉ እንጂ አይጠይቁም ነበር። ሥራ ውዬ ስመለስ ትቻቸው የሄድኩበት ወንበር ላይ፣ ያንኑ መስኮት እያዩ አገኛቸዋለሁ።

አባቴ የባሕር ዳር ሰው ናቸው። ከቤት ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ቤት፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት የተመላለሱት በብስክሌት ነው። ከተማዋን የምታውቋት ታውቃላችሁ፤ ሜዳ ናት፣ ዳር ዳሩ ዘንባባ ነው፣ በእኔ ልጅነት ብስክሌት የሌለው ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። እኔ ከፊት ብረቱ ላይ፣ እናቴ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ላይ በጎን ተቀምጣ፣ ነጠላዋ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ጠቅልላ ይዛ፣ እሑድ እሑድ ጊዮርጊስ የምንሄደው እንዲያ ሆነን ነው።

ያን ቀን ማታ አንድ ነገር አሰብኩ። የዓመት ፈቃዴ የሚያርፈው ጳጉሜ ላይ ነበር። በፈረንጆቹ አቆጣጠር መስከረም 6 መሆኑ ነው። አምስቱን የጳጉሜ ቀናት በሎዋር ወንዝ ዳር በብስክሌት ብንሄድስ?

ሎዋር የፈረንሳይ ረጅሙ ወንዝ ነው፤ ከ1000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በዳሩ ደግሞ 900 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ምልክት በምልክት የሆነ የብስክሌት መንገድ ተዘርግቷል። እኛ ያሰብነው ትንሹን፣ ግን ነገሥታቱ ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩበትን ክፍል ነው፤ ከብልዋ እስከ ቱር። በቀን 20 ኪሎ ሜትር ቢበዛ 30፤ ለ71 ዓመት ሰው አይከብድም ብዬ ገመትኩ።

አንድ ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ይዣለሁ። ቪዛቸው የሦስት ወር ነው፣ የመመለሻ ቲኬታቸው ጥቅምት 10 ይላል። ወረቀቱን ግን እኔ ሞልቼ ጨርሻለሁ፣ የቀረው የእርሳቸው ፊርማ ብቻ ነው። በመንገድ ላይ ደስ ሲላቸው አነሳዋለሁ ብዬ ነበር።

ብልዋ የደረስነው በባቡር ነው። ብስክሌት ስንከራይ አከራዩ ለአባቴ ባለ ኤሌክትሪኩን አቀረበላቸው። ዙሪያውን ዞረው አዩት፣ ባትሪውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ «የሚገፋ ሞተር ካለው ሰውየው ምኑን ነዳው?» ብለው ተራውን መረጡ። ባለ ኤሌክትሪኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህን አምስት ቀን ሙሉ ሲያነሱብኝ ከረሙ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ቆሙ። «ትልቁ ወንዛቸው ይሄ ነው?» በዚያ ወቅት ሎዋር የአሸዋ ደሴት የበዛበት፣ ቦታ ቦታው ላይ ወፎች ቆመው የሚራመዱበት ቀጭን ውሃ ነው። በጳጉሜ ዓባይ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው መቼም ይሄን ወንዝ ብሎ አይደነቅም። «ክረምት ሲገባ ይሞላል» አልኳቸው። «ክረምትማ ገብቶ ሊወጣ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ በእርሳቸው ክረምት።

የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርነው ሳን ዲዬ በምትባል ትንሽ የወንዝ ዳር መንደር ነው። ለሻምቦር ቤተ መንግሥት ግንባታ የመጣው ድንጋይ ከጀልባ ይራገፍ የነበረው እዚህ ነው። በማግስቱ ጠዋት ድንጋዩ የሄደበትን መንገድ እኛም ሄድን፤ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከዚያ ጫካው ይጀምራል። የሻምቦር ጫካ በ32 ኪሎ ሜትር የድንጋይ አጥር የተከበበ ነው። ውስጡ አጋዘንና የዱር አሳማ አለ። ዛፉ ገለጥ ሲል ቤተ መንግሥቱ ነጭ ሆኖ፣ ጣሪያው ላይ የጭስ መውጫው እንደ ከተማ በዝቶ ድንገት ይታያል።

ሥራው የተጀመረው በ1519 ነው፤ ከፋሲል ግንብ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። ያሠራው ቀዳማዊ ፍራንሷ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ደረጃ ሁለት ጠመዝማዛ መንገድ አለው፤ አንዱ በአንደኛው፣ ሌላው በሁለተኛው ሲወጣ ሳይገናኙ ላይ ይደርሳሉ። ሐሳቡ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው የሚሉ አሉ። ሞከርነው። አባቴ በግራ፣ እኔ በቀኝ። መሐል ላይ ባሉት መስኮቶች ቆባቸው ሲያልፍ አየዋለሁ፣ እጄን አወዛውዛለሁ፣ እርሳቸውም ያወዛውዛሉ፣ ከዚያ ግድግዳ ይጋርደናል። ላይ ስንገናኝ ስቀው ነበር። ስንት ጊዜዬ ነበር ሲስቁ ካየሁ!

«ንጉሡ ስንት ዓመት ኖረበት?» አሉኝ። በ32 ዓመት ንግሥናው ውስጥ እዚህ ያደረው ተደምሮ ሦስት ወር እንደማይሞላ ነገርኳቸው። ለአደን ብቻ ብቅ ይል ነበር። አባቴ ዝም ብለው አዳራሹን ተመለከቱ። «ፋሲልስ ሠርቶ ኖረበት» አሉ።

ስንመለስ ጫካው ውስጥ የእርሳቸው የኋላ ጎማ ተነፈሰ። እኔ ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ጠጋኝ ቤት መፈለግ ጀመርኩ። ቀና ስል ብስክሌቱ ተገልብጦ ቆሟል፣ ጎማው ወልቋል፣ ካላማዳሪያው ወጥቷል። ጥቂት ነፉትና ቀዳዳውን በጉንጫቸው ፈለጉት። አላመኑትም መሰለኝ ምራቃቸውን ቀብተው አረፋውን አዩ። ከተከራየነው መሣሪያ ውስጥ የብርጭቆ ወረቀቷን አውጥተው ፈገፈጉት፣ ማስቲሹን ቀብተው እፍ እያሉ አደረቁት፣ ልጥፉን በአውራ ጣታቸው ተጭነው ይዘው «አባታችን ሆይ ደግመሽ እስክትጨርሺ መልቀቅ የለም» አሉኝ። በመንገዱ የሚያልፉ ባልና ሚስት ብስክሌተኞች ቆመው እርዳታ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቁ። አባቴ በፈረንሳይኛ የሚያውቋትን አንዲት ቃል «ቦንዡር» ብለው አሰናበቷቸው።

በነገራችን ላይ መሄድ ለምታስቡ፤ ፈጣን መሆን አያስፈልግም። መንገዱ ከሞላ ጎደል ሜዳ ነው፣ ብዙው ክፍል መኪና አይገባበትም ወይም ጥቂት ነው። ብስክሌት አንድ ከተማ ተከራይቶ ሌላ ከተማ መመለስ ይቻላል። ልጆች ካሏችሁም ከኋላ የሚጎተት ጋሪ አለ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ግን ስንቅ መያዝ ግድ ነው፤ ገጠሩ ምግብ ቤት ሁሉን ነገር በቅቤና በአይብ ይሠራዋል። እኛ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ የተቀቀለ ምስርና ሐብሐብ ይዘን ነበር የምንሄደው።

ጳጉሜ 3 ቀን ከብልዋ ወደ ሾሞን ስንሄድ ዝናብ መጣ። ወይኑ ሊለቀም የደረሰበት፣ የሱፍ አበባው ጠቁሮ አንገቱን የደፋበት ሜዳ ላይ ነበርን። እኔ አንድ ዛፍ ሥር ገባሁ። አባቴ ብስክሌታቸውን አጋድመው፣ ቆባቸውን አውልቀው መንገዱ መሐል ቆሙ። «አባዬ፣ ብርድ ይመታዎታል!»

«ዛሬ ሩፋኤል አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ረስቼው ነበር። በልጅነታችን በዚህ ቀን ዝናብ ሲጥል ልብሳችንን ጥለን ወደ ደጅ ነው የምንሮጠው፤ የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው። እናቴ ባልዲና ድስት ደጃፉ ላይ ትደረድራለች፣ የሞላውን ዓመት ሙሉ ለታመመ ትሰጣለች። ከዛፉ ሥር ወጣሁ። የፈረንሳይ ዝናብ ቀጭን ነው፣ ግን ይበቃል። ሁለታችንም እስኪበቃን በሰብን።

ችግሩ ቦርሳዬ መበስበሱ ነው። ማታ ሾሞን ባረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ልብሳችንን ስንዘረጋ ማመልከቻውንም አውጥቼ፣ ሳላስብበት፣ ወንበር ላይ አሰጣሁት። ሻወር ወስጄ ስመለስ አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለውበታል። ፈረንሳይኛ አይችሉም። የራሳቸውን ስም ግን በላቲን ፊደልም ቢሆን ያነቡታል።

«ስሜ ያለበት ምንድን ነው?»

ነገርኳቸው። ብቻዎን ነዎት አልኳቸው፣ ሐኪሙ እዚህ ቅርብ ነው አልኳቸው፣ እኔም ብቻዬን ነኝ አልኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሳትጠይቂኝ ሞላሽው» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

በማግስቱ የሾሞንን ቤተ መንግሥት ከበሩ ነው አይተን ያለፍነው። ካትሪን ደ ሜዲቺ ባሏ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ በ1559 ሲሞት የባሏን ውሽማ ዲያን ደ ፗቲዬን ከምትወደው ከሸኖንሶ አስወጥታ በምትኩ የሰጠቻት ይህንን ነው። ሌላ ቀን ቢሆን አባቴ እንዲህ ያለ ወሬ ይወዱ ነበር። እስከ አምቧዝ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ ንግግር ነዳን። አምቧዝ ውስጥ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሞተበት ቤት አለ፤ እኔ ብቻዬን ገብቼ ወጣሁ፣ እርሳቸው ድልድዩ ላይ ቆመው ውሃውን ሲያዩ ቆዩኝ።

ጳጉሜ 5 ቀን የአምቧዝን ጫካ አቋርጠን ወደ ሸኖንሶ አቀናን። ጠዋት ነው፣ ቅጠሉ ላይ ጤዛ አለ፣ መንገዱ ሁለት ብስክሌት ጎን ለጎን ያስኬዳል። አባቴ አጠገቤ መጡና ወደ ፊት እያዩ ተናገሩ። እኔም ወደ ፊት እያየሁ ሰማሁ። ፊት ለፊት ተቀምጠን ቢሆን የሚሉት አይመስለኝም።

«ባሕር ዳር ከቤት ስወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ስሟን ይጠራልኛል። ዳቦ የምትጋግረዋ፣ ዘበኛው፣ የማኅበሩ ሰዎች። እዚህ ማንም አያውቃትም። አንቺ እንኳ፣ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቀን ስሟን አንስተሽ አታውቂም።»

እውነታቸውን ነው። እናቴ ባለፈው ጥቅምት ስታርፍ የደረስኩት ለሠልስቱ ነው። ቀብሯን አላየሁም። እርሳቸው እንዳያዝኑ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ እንዲያ ነበር ለራሴ የምለው። መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ዕንባ ቀደመኝ፣ ብስክሌት ላይ ሆኖ ማልቀስ ደግሞ አይሞከርም፣ መንገዱ አይታይም። ወርጄ መንገድ ዳር የተከመረ የተቆረጠ ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴም ብስክሌታቸውን አስደግፈው አጠገቤ ተቀመጡ። እዚያ የተለቀሰው የዘገየ ለቅሶ ነው፤ ስለ እናቴ የተወራውም በደንብ ነው። ነጠላዋ አንድ ቀን ካቴናው ውስጥ ገብቶ ሦስታችንም የወደቅንበትን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለምን በእግሬ እሄዳለሁ እንዳለችና በሳምንቱ ተመልሳ እንደወጣች።

ሸኖንሶ የደረስነው ፀሐይ ከበረታ በኋላ ነው። ቤተ መንግሥቱ ሼር የሚባለውን ወንዝ እንደ ድልድይ ተሻግሮ የቆመ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ረጅሙ አዳራሽ ሆስፒታል ሆኖ ከ2000 በላይ ቁስለኞች ታክመውበታል። በሁለተኛው ደግሞ ወንዙ ድንበር ስለነበር አንዱ በር ጀርመን በያዘው፣ ሌላው ባልያዘው ምድር ላይ ይከፈት ነበር። አባቴን የያዛቸው ግን ወጥ ቤቱ ነው፤ ውሃው ላይ ባሉት የድልድዩ ምሰሶዎች ውስጥ የተሠራ፣ የመዳብ ድስት የተደረደረበት። «ይህን ሁሉ ድስት ብታይ ለሩፋኤል ታሰጣው ነበር» አሉ። ስሟን ጠርቼ «አዎ፣ አንድም አታስቀርም» አልኳቸው።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ከአምቧዝ ስንነሳ የወንዙ ዳር ቢጫ የዱር አበባ ነበረው። ሰብስቤ ሰጠኋቸው። «እንግጫ የለውም» አሉ፤ ጎጃሜ ናቸውና አበባ ብቻውን ዘመን አያስለውጣቸውም። ወደ ውሃው ወርጄ እንግጫ የሚመስል ሣር ነቅዬ ጎነጎንኩት። ግማሹን በብስክሌታቸው መሪ ላይ አሰርኩት፣ ግማሹን ቆባቸው ላይ እርሳቸው ሻጡት። ከአምቧዝ እስከ ቱር 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ገደሉን ፈልፍለው ቤት የሠሩ ሰዎች ባሉበት በኩል ያልፋል። በር፣ መስኮት፣ ደጃፉ ላይ አበባ፣ የቀረው ድንጋይ ነው። የላሊበላን አገር ሰው ስለሆኑ ብዙ አልገረማቸውም። ግን ለእያንዳንዱ ደጃፍ «ቦንዡር» ይሉ ነበር፣ ሰዉም ይመልስላቸው ነበር።

ማመልከቻው አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ሲደርቅ ተኮማትሯል፣ ፊርማ የለበትም። ለጥቅምት 10 ሁለተኛ ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ለእናቴ ሙት ዓመት አብረን እንሄዳለን። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ገና አልተስማማንም።

ቱር ላይ ብስክሌቶቹን ስንመልስ የተቀበለን ወጣት መሪው ላይ ያለው ሣር ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ እንደምንም አስረዳሁት። አባቴ ግን የኋላውን ጎማ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ ነበር። ቀና ብለው ለልጁ በአማርኛ ነገሩት፤ «ልጥፉ ይዟል። ጎማው ግን አርጅቷል፣ ቀይሩት።»